ባጃጅ ተራን የገፈፈው መንጋ

ይሄ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ካለበት የፎገራ ትንኝ ሁሉ ዕድሜ ልኬን እኔን ብቻ ይንከሰኝ፤ ጣና ላይ የጣልኩት መረብ ሁሉ አሮጌ ጫማ እንጂ ዓሣ አያውጣልኝ። አምስተኛ ክፍልን በጣም ስለወደድኩት ደጋግሜ ተምሬዋለሁ፣ ያሳለፉኝም ፊቴን ማየት የሰለቻቸው አስተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ በፊደሉ ብታርሙኝ አልከራከርም፣ ታሪኩን ግን አትንኩብኝ። ያላመነ ወረታ መናኸሪያ ይውረድና ባጃጅ ይያዝ። የባጃጁ መስታወት ጌጥ ከሌለው፣ ለምን እንደሌለው ባለቤቱን ይጠይቀው። እየተሳደበ ይነግረዋል።

ቱርኪያ የሐጅ አብዱልአሊም ልጅ ናት። ሐጅ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ አላቸው፤ እሷም ያደገችው እዚያው የገለባ ክምር ላይ እየተንከባለለች ነው። ሞተሩን ከመፈልፈያው ጋር የሚያገናኝ ረጅም የጎማ ቀበቶ አለ፣ ሠራተኞቹ ቺንጋ ይሉታል። ሞተሩ ሲነሣ ቺንጋው መጀመሪያ ይሳባል፣ ቀጥሎ ይሮጣል፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን አይይዘውም። ሌላ ልጅ ይፈራዋል። ቱርኪያ ግን ቁርሷን ይዛ ፊቱ ትቆማለች። ቺንጋው ላይ አንዲት ነጭ የቀለም ጠብታ ነበረች፤ ከጣራው ብልጭ ድርግም ከምትለው፣ ሸምበቆ ከሚሏት ረጅም አምፖል ሥር ስታልፍ ጠብታዋ የቆመች ትመስላለች። ልጅቱን ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳት። ነጥብ ከቆመ፣ በሬስ ለምን አይሄድም?

ለዒድ ቤቱ ሲቀባ የተረፈች ነጭ ቀለም ነበረች። ሞተሩ አርፎ ሠራተኞቹ ምሳ ሲበሉ፣ ቱርኪያ ቺንጋው ላይ በሬ ሣለች። ከጎኑ ሌላ በሬ፣ እግሩን ትንሽ አንሥቶ። ከዚያ ሌላ፣ እግሩን ትንሽ አሳልፎ። እንዲህ እያለች ቺንጋውን ዞረችው። ሞተሩ ሲነሣ፣ በዚያች በምትንቀጠቀጥ አምፖል ሥር፣ በሬዎቹ አንድ በሬ ሆኑና መራመድ ጀመሩ። ሩዛቸውን ለማስፈልፈል ተራ የያዙ ገበሬዎች ጆንያቸውን ረስተው ተሰበሰቡ። አንዱ አጎንብሶ አየና፣ «ሐጅ፣ በሬዎ ያነክሳል» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እውነትም ያነክስ ነበር። ቺንጋው ጫፍና ጫፉ በተገጠመበት ቦታ ላይ የመጨረሻው በሬ እግር ከመጀመሪያው በሬ እግር ጋር ስላልተግባባ፣ ዙሩ በመጣ ቁጥር በሬው ዝንፍ ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጅ ገበያ ሲወጡ «ያ የሚያነክሰው በሬዎ ደህና ነው?» የማይላቸው ሰው ጠፋ። ቱርኪያ ቀለሙን ፍቃ ሣለች፣ ደግማ ፍቃ ሣለች፤ የመጨረሻው እግር የመጀመሪያውን እግር ሳያደናቅፍ እስኪቀበለው ድረስ አልተኛችም። ሐጅ አላሞገሷትም፣ አልተቆጧትም። ቀለሙ ቺንጋውን እንዳያሟልጨው ፈርተው ብቻ አጉረመረሙ። ቺንጋው አርጅቶ ሲቀየር ግን ያልጣሉት እሳቸው ናቸው። እንደ በሬ ቆዳ ጠቅልለው ከግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀሉት።

ልጅ አድጎ ይረሳል ይባላል፤ ይቺ አልረሳችም። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰች፣ ከአባቷ ወፍጮ ቤት ጓዳ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ይዛ ገባች፣ ተቀመጠች። የሰፈሩ ሰው ስልክ የምትጠግን መስሎት የተሰባበረ ስልኩን ሲያመላልስ ከረመ። እሷ ግን የምትሠራው በሬ ነበር። በሬ ሲራመድ፣ በሬ ጭቃ ውስጥ ሲገባ፣ በሬ ዝንብ ሲያባርር። ሥራዋን ኢንተርኔት ላይ ስትለጥፈው ትንሽ ሰው ያይላታል፣ ብዙ ሰው ያልፈዋል።

ሐጅ ደግሞ የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ሚዛኑ ላይ የሚታመን ሰው ይፈልጋሉ። ወንድሟ ሙጃሂድ እንደሆነ ባጃጁን አግብቷል፤ ሌላ ትዳር አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ጠሯትና ነገሩን ቆረጡላት።

«ኅዳር ላይ አዲሱ ሩዝ ሲገባ ሚዛኑ ላይ ትቀመጫለሽ። እስከዚያ ያ በሬሽ ሥራ ካመጣልሽ እሰየው። ካላመጣልሽ ግን እኔም አርጅቻለሁ፣ ልጄ።»

ቱርኪያ የአባቷን ሚዛን ታውቀዋለች። የሩዝ ሰሞን ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሰው ለሶላትና ለምሳ ካልሆነ አይነሣም፣ ሲነሣም ጀርባው አብሮት አይነሣም። አንድ ሰሞን ከተቀመጠች ሁለተኛውም ይከተላል፤ ከዚያ በሬው ይሞታል። መሞቱን እንኳ ማንም አያውቅለትም።

ጊዜው መስከረም ነበር። በዚያው ወር አዲስ አበባ ካለ የቪዲዮ ጨዋታ ከሚሠራ ድርጅት ሰገን የምትባል ሴት ደወለችላት። ሰገን ጨዋታው ውስጥ ያለውን ፍጡር ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ልጆች አለቃ ናት። እየሠሩት ያለው ጨዋታ ከብት እየነዱ ሙሉ ወንዝ መሻገር ነው፤ በኢንተርኔት ያየችው የቱርኪያ በሬ ልቧን ወስዶታል። ወንዝ የሚሻገር መንጋ ሠርታ እንድትልክ ጠየቀቻት። ቱርኪያ ያንኑ በሬዋን ወሰደች፣ አባዛችው፣ ወንዝ ውስጥ ደረደረችው፣ ላከችው። መልሱ የመጣው ጥቅምት ሲገባ ነው።

«አንዱ በሬሽ ነፍስ አለው» አለች ሰገን። «መንጋሽ ግን የሰልፍ ወታደር ነው። ሁሉም እኩል ያነሣል፣ እኩል ይጥላል። ቱርኪያ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ በሚመጣው ሰኞ ከቀትር በፊት እውነተኛ መንጋ ካላየሁ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ቱርኪያ ስልኩን ዘጋችና ጉልበቷን አቅፋ ገለባ ላይ ተቀመጠች። የሰገን ነገር እውነት ነው፤ አንዱ በሬ ከአንዱ በሬ ጋር አካሄዱ አይገጥምም። ግን ይሄን ከራስ አውጥቶ መሣል አይቻልም፤ ማየት ያስፈልጋል። አሠራሩን ታውቀዋለች፦ የከብቱ አንጓዎች ላይ፣ ትከሻው፣ ጉልበቱ፣ ዳሌው፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ በሩቁ የሚለይ ምልክት ይታሰራል፣ በስልክ ይቀረጻል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ምልክት የት እንደወጣና የት እንደወረደ እየተከተሉ ለኮምፒውተሩ በሬ ማስተማር ነው።

ምልክቱን ከሙጃሂድ ባጃጅ ሰረቀችው። ወረታን የሚያውቅ ያውቃል፤ እዚያ ባጃጅ ያለ ጌጥ አይወጣም። ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ ቀያይ ድቡልቡል የክር ኳሶች ዙሪያውን ይንጠለጠላሉ፤ መንገዱ ጉድጓድ ሲሆን ይጨፍራሉ። ሙጃሂድ ለቁርስ ገባ ሲል እህቱ ሁሉንም ፈትታ በኪሷ ከተተች።

በሬውን ደግሞ ከጋሼ ባየህ ለመነች። ባየህ ርብ ወንዝ ዳር የሚያርስ፣ የሐጅ የድሮ ደንበኛ፣ አፉ እንደ ማረሻው የማያርፍ ሰው ነው። ቡሬ የሚባል በሬ አለው፤ ጥቁርና ነጭ፣ የፎገራ ከብት የተባለ ሁሉ መምሰል የሚመኘው በሬ። ከቤቱ አይርቅም፣ እንደ ሌላው ከብት ለክረምት ወደ ደጋው አይሰደድም።

«ጋሼ፣ ቡሬን ለአንድ ረፋድ ያውሱኝ» አለችው። «ፊልም ላነሣው ነው።»

«ብቻውን ነው ከሌላ ጋር?»

«ከመንጋ ጋር ነው የሚሆነው።»

ባየህ አሰበና፣ «ከፊት ከሆነ እሺ» አለ። «ቡሬ ከኋላ ሆኖ አያውቅም። ከኋላ ታደርጊውና ለአባትሽ እነግራለሁ።»

የሩዝ ማስጫው ሜዳ ላይ ቡሬን አቆመችው። ቀያዮቹን ኳሶች በየአንጓው አሰረች፣ ወዲያና ወዲህ አስነዳችው፣ ቀረጸችው። ድንቅ ሆነ። ግን አንድ በሬ ነው፤ አንድ በሬ ደግሞ መንጋ አይደለም። ሌሎቹን ገበሬዎች ብትለምን አሻፈረኝ አሉ። ገብረማርያም የሚባለው የባየህ ጎረቤት ከሁሉም ባሰ፤ የእሱ ከብቶች ከብቶች እንጂ አዝማሪ እንዳልሆኑ፣ ጌጥ አስሮ ማስጨፈር ካማራት ባሏን እንድታስጨፍር ነገራት። ባል የለኝም ብትለው፣ ምክንያቱ ገባኝ አላት።

ቱርኪያ ጓዳዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ከቡሬ አንድ አካሄድ ሌላውን ሁሉ ልትፈጥር ሞከረች፣ ወታደሮቹ ተመልሰው መጡ። ቀኖቹ አለቁ።

ውጭ ግን ሌላ ነገር ተነሥቶ ነበር። እዚህ ላይ እንድታምኑኝ ነው መጀመሪያ የማልኩት።

ባየህ ቡሬን ወደ ቤቱ ሲመልስ የኳሶቹ ቋጠሮ አልፈታ አለው። ቀኑ ገበያ ነው፣ መንገዱ በከብት ተራ በኩል ነው። ሰው ከበበው። ይሄ ምንድን ነው፣ በሬውን ምን አደረግከው እያለ ያፈጠጠበት አንሶ፣ ገብረማርያም ከመሐል ብቅ ብሎ ፈገግ አለ። እንግዲህ ባየህ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «የሐጅ ልጅ ለፊልም አስራበት ነው» ሊል? ሞቱን ይመርጣል።

«ድካም መጣጭ ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «አንጓው ላይ ታስሮ ድካሙን እየመጠጠ ያወጣዋል። ቀዩ ክር ባዶ ክር እንዳይመስልህ፣ ውስጡ መድኃኒት አለው። ቡሬ ከጧት ጀምሮ ሲሄድ ነው የዋለው፤ እየው፣ አልቦታል?»

ቡሬ አላላበውም ነበር። ከማስጫው ሜዳ እስከ ከብት ተራ የሚያልብ መንገድ የለምና።

ገብረማርያም ፈገግታው ጠፋ። በሬውን ዞረው፣ አንዷን ኳስ በጣቱ ጫን ጫን አደረጋት፣ አሸተታት። ከዚያ ወደ ባጃጅ ተራ ሄደ። ከተራው ሲመለስ ኪሱ አብጦ ነበር። ያዩት ተከተሉት።

በነጋታው ወረታ ውስጥ ጌጥ ያለው ባጃጅ ለመድኃኒት ጠፋ። መጀመሪያ ባለባጃጆቹ ደስ ብሏቸው ሸጡ፣ ቀጥሎ ያልሸጡት ቆመው ሳሉ ተፈታባቸው። ሐሙሲት ከተማ ላይ ለተሳፋሪ የቆመ ባጃጅ፣ ሾፌሩ ሂሳብ እስኪቀበል ራቁቱን ቀረ። ሚስቶች የባሎቻቸውን ሹራብ ተርትረው ኳስ ጠቀለሉ። አንበሳሜ ገበያ ላይ ነጋዴዎች የክር ኳሱን ከባጃጅ ዕቃ አውጥተው ከቀንበርና ከማረሻ ጎን ደረደሩት። በሬ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ላሙም፣ ወይፈኑም፣ ገና የምትጠባ ጥጃም ታሰረላት።

ይሄን ሁሉ ቱርኪያ አታውቅም። ያወቀችው ዓርብ ረፋድ ሙጃሂድ በሩን በእግሩ ሲከፍተው ነው። ተራው ላይ ያሉ ጓደኞቹ ነገሩ ከእሱ ባጃጅ እንደተጀመረ ደርሰውበታል፤ አማን የሚባለው፣ ከሁሉም የሚያምር ጌጥ የነበረው፣ ፊቴን እንኳ አላሳይህም ብሎታል። ሙጃሂድ እህቱ ራስ ላይ ቆሞ የወረታን ጉድ ከአንበሳሜው ጋር እያቀላቀለ አወረደባት። እሷ ጮኻ እንድትመልስለት ሲጠብቅ፣ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። እጇ ከኮምፒውተሩ ላይ ተነሣ።

«አንጓቸው ላይ ነው ያሰሩት?» አለች።

«አንጓቸው ላይ ነው እንጂ አንገታቸው ላይ ቢሆን ምን ይለኝ ነበር?»

«ሁሉም ከብት?»

«ሁሉም እያልኩሽ! ዛሬ ደግሞ ከደጋው የሚመለሱት ርብን ይሻገራሉ፣ ሰዎቻቸው ኳስ በጆንያ ይዘው ሊቀበሉ በሌሊት ሄደዋል።»

ፎገራ በክረምት ሜዳው ውሃ ይሆናል። ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣና ጥቅምት ላይ ውሃው ሲሸሽ ለምለሙን ሣር ሊበላ ይመለሳል። ያ ቀን ያ ዓርብ ነበር። ቱርኪያ ስልኳን አነሣች፣ ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኝ አሳስታ ተጫማች፣ ራቁቷን በቀረችው ባጃጅ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሙጃሂድ እየተራገመ አስነሣ።

ርብ ዳር ሲደርሱ መንጋው ገና ከወዲያ ማዶ አቧራ ነበር። ከዚያ አቧራው ቀንድ አበቀለ። ከዚያ ቀዩ ታየ። ማዶ ያደሩት ሰዎች የእያንዳንዱን ከብት አንጓ አስረው ጨርሰዋል፤ ሜዳው ሙሉ ቀይ ነጠብጣብ እየተነሣ፣ እየወደቀ ይመጣል። ቱርኪያ ከባጃጁ ጎን ወጥታ እግሯን መቀመጫው ላይ ተክላ ቆመች። የመጀመሪያዎቹ ውሃው ውስጥ ገቡ። አንዱ እያሸተተ ይገባል። አንዱ ሳያስብ ዘሎ ይገባና ይጸጸታል። አንዲት አሮጌ ላም ከወደታች ያለውን ድንጋይ በእግሯ እየፈለገች፣ ግራዋን ሳታሳርፍ ቀኝዋን አታነሣም። ወይፈኖቹ ጎን ለጎን እየተጋፉ አንዱ አንዱን ውሃ ያስጠጣል። አንዱም ከአንዱ ጋር እኩል አልረገጠም።

ሙጃሂድ ቁጣውን ረሳ። እጁን እየቀሰረ፣ «ያ የአማን ነው፤ አየሽው፣ ያ ባለ ወርቅ ክሩ» ይላል። «ያ ደግሞ የታደለ ጌጥ ነው፣ ወላሂ ጥጃ ላይ አስረውታል።» ወዲያው መንጋው ዳር ወጣና ዋጣቸው። ባጃጁ በከብት ባሕር መሐል እንደ ታንኳ ተንገዋለለ፣ ፊቱ ወደ ደብረ ታቦር የነበረው ወደ ጣና ሆነ። ቱርኪያ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች፣ ስልኩን ግን ከመንጋው ላይ አታነሣም።

ሁለቱን ቀን ከወንበሯ አልተነሣችም። ኳስ በኳስ፣ እግር በእግር፣ መንጋውን ወደ ኮምፒውተሩ አሻገረችው። አሮጊቷ ላም ገባች፣ ወይፈኖቹ ገቡ፣ ቡሬም በቃሏ መሠረት ከፊት ሆነ። ሰኞ ጧት የቀረው አንድ ነገር ነበር። ጨዋታው ውስጥ መንጋው ሳያቋርጥ መጉረፍ አለበት፤ ያለቀበት ቦታ ከጀመረበት ጋር መግጠም አለበት። ልትገጥመው ስትል የወረታ መብራት ሄደ።

ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሐጅ ሚዛኑን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። ለኅዳር እያዘጋጁት ነው፤ ለእሷ። የሆነውን ጠየቋት። መብራት ከተመለሰ ከቀትር በኋላ ሊሆን እንደሚችል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነገሩ ሌላ ሰው ዘንድ እንደሚሄድ ነገረቻቸው። አልለመነቻቸውም። ሐጅ ጨርቁን አጣጥፈው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ወደ ሞተሩ ሄዱ። ያ ሞተር ዲናሞ አለው፤ መብራት ሲሄድ ለወፍጮ ቤቱ የሚያበራው እሱ ነው። ነገር ግን የሚፈለፈል ሩዝ ሳይኖር ሐጅ ሞተር አስነሥተው አያውቁም፤ ናፍጣ በከንቱ የሚያቃጥል ሰው ሲያዩ ራሳቸውን ያማቸዋል።

«አብዬ፣ ሩዝ የለም እኮ» አለች ቱርኪያ።

«እንዳይዝግ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሞተሩ ተነሣ። ያቺ የሸምበቆ አምፖል ብልጭ ድርግም አለች። ቱርኪያ መንጋውን ከፈተችው፣ አስኬደችው። ዙሩ ሲመጣ ቡሬ ዝንፍ አለ። ደግማ አስኬደችው፣ ደግሞ ዝንፍ አለ። እዚያ ጋ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው በሚገናኝበት። ጆሮዋ ውስጥ የድሮው ሳቅ መጣባት። አንገቷን ቀና ብታደርግ የተጠቀለለው ቺንጋ ከምስማሩ ላይ ያያታል። ሳቀች። ይሄንንማ ጥርሷን ሳትነቅል ነው የተማረችው። የመጨረሻውን እግር መለሰች፣ ከጉልበቱ ትንሽ አጠፈችው፣ የመጀመሪያው እግር እንዲቀበለው አደረገች። አስኬደችው። መንጋው ጎረፈ፣ ጎረፈ፣ ጎረፈ፤ የት እንደጀመረ ማንም አይለይም። ላከችው። ሐጅ ስልኩ «ተልኳል» እስኪል ሞተሩ ጎን ቆመው ናፍጣው ሲቃጠል አዩ።

ሰገን የደወለችው ዙህር ሳይደርስ ነው።

«ይሄን መንጋ ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከባጃጅ ተራ» አለች ቱርኪያ።

ሥራው ተሰጣት። አዲስ አበባ ወርዳ ሰው ተዋወቀች፣ ተመለሰች፤ ከወረታ ሆና ልትሠራ ተስማሙ፣ የሚሣለው ከብት ያለው እዚህ ነውና። ጨዋታው በየስልኩ የገባው በዓመቱ፣ የሩዝ ሰሞን ነው። ሙጃሂድ ከቪዲዮ ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ተውሶ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከአሮጌው ቺንጋ ጎን ሰቀለው። ተራ የያዘው ገበሬ ሁሉ ጆንያው ላይ ወጥቶ ቆመ። አማንም መጣ፤ ከታረቁ ቆይተዋል፣ ጌጡ የዓለም ጨዋታ ውስጥ ገባ ተብሎ ባጃጅ ተራ ላይ የሚኮራው አሁን እሱ ነው።

መንጋው ርብ ውስጥ ሲገባ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ወዲያው አንዱ፣ «ያቺ የኔ ላም ናት» አለ። ስም አልተጻፈባት፣ መልኳም የሷ አይደለም። «ግራዋን ሳታሳርፍ ቀኝዋን አታነሣም፤ እናቷም እንዲሁ ነበረች።» ከዚያ ሁሉም የየራሱን አገኘ። ባየህ ቡሬን ከፊት አይቶ ደረቱን ነፋ። ግን የሚጫወተው ሙጃሂድ ነበርና እጁ ሳተ፤ አንድ ቀይ ወይፈን ከኋላ መጥቶ ቡሬን አለፈው። ወይፈኑ የገብረማርያም ነው። ገብረማርያም ጆንያው ላይ ዘለለ፣ ባየህ ማለፉ እንደማይቆጠር ተሟገተ፣ ሁለቱን ለማስታረቅ ጨዋታው ከመጀመሪያ ተጀመረ።

አንድ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ፣ ግርግሩ ያልገባው፣ ሚዛኑ ላይ ወደተቀመጡት ሐጅ ጠጋ ብሎ ልጃቸው ምን እንደምትሠራ ጠየቃቸው። ሐጅ ጆንያውን መዝነው፣ አውርደው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ቴሌቪዥኑ አዩ።

«ከብት ትነዳለች» አሉ። «አንድም አያነክስባትም።»

በሬዎቹ አሁንም ኳስ ያስራሉ። ባየህ ውሸቱን እውነት ነው ብሎ ለማመን የቀረው ትንሽ ነው፤ ገብረማርያም ደግሞ ድካም እንደሚመጥጥ በከብቶቹ አይቻለሁ ብሎ ይምላል። እኔ መሐል አልገባም።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ፣ ትንኙን ስለምፈራ። የበሬው ስም ቡሬ አይደለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እውነተኛ ስሙን ብጽፍ ባየህ አይለቀኝም፤ በሬው ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ ሊያየው የሚመጣው ሰው በዝቶ፣ እርሻ የሚሄድበት ቀን አጥቷል።